እጅ የሚነሳው ግንብ

የአገሩን ስም አትጠይቁኝ። እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ሰው ሁሉ፣ እኔ ሳልመልስለት፣ የራሱን አገር ስም ጠርቶ «እሱ ነው አይደል?» ብሎኛል። እኔም አዎ አላልኩም፤ አይደለምም አላልኩም። በሁለት ወንዞች መካከል ያለ፣ ቁልቁለቱ የበዛ፣ ሰዉ መኪና የሚወድ አገር ነበር ማለት ይበቃል።

በዚያ አገር ቅዳሜ የግንቡ ቀን ነበር።

ግንቡ ከአደባባዩ ግርጌ የቆመ የጥቁር ድንጋይ ግንብ ነው። ቤት አይደግፍም፣ ከተማ አያጥርም፤ ሥራው መመታት ብቻ ነበር። ሕጉ እንዲህ ይል ነበር፤ አዲስ ዓይነት መኪና ወደ አገሩ ሲገባ ለሰው ከመሸጡ በፊት አንዱ ለግንቡ ይሰጣል። የሚሰጠውን ነጋዴው አይመርጥም፤ ዓይኑ በሻሽ የታሰረ ሰው ገብቶ እጁ ያረፈበት መኪና ይወጣል። የወጣው መኪና ከአደባባዩ አናት በሁለት የእንጨት ሐዲድ መካከል ይቆማል፤ መሪው በጠፍር ይታሰራል፤ ከዚያ ከኋላ የያዘው ጠፍር ይለቀቃል። የቀረውን ቁልቁለቱ ይጨርሰዋል።

የሚለቀው የግጭት አለቃው ጠንፉ ነበር። አጭር ሰው ነው፤ ሲናገር ቃላቱን እንደ ሚስማር አንድ በአንድ የሚመታ። መኪናው ውስጥ የሚቀመጡትን ሰዎች የምትሠራው ደግሞ ሚስቱ ትርንጎ ነበረች። ገላቸውን ከጆንያ ሰፍታ ጭድ ትሞላዋለች፤ በአንገታቸው ላይ ደረቅ ቅል ትተክላለች፤ ቅሉን ውኃ ሞልታ አፉን በሰም ትደፍነዋለች። ራስ ቅል ይባል የለ? በዚያ አገር ነገሩን እንደ ቃሉ ነበር የወሰዱት።

ትርንጎ የጭድ ሰዎቿን ያለ ስም አትሰድም ነበር። ስም የሌለው ሰው ቢሞት ማን ያዝንለታል ትላለች። ሹማምንቱ ይህን ሲሰሙ ሦስት ቀን ተሰብስበው ሕግ አወጡ፤ የጭድ ሰው ስም ይሰጠው፣ ነገር ግን በሕይወት ያለ ሰው ስም አይሰጠው፣ ሟርት ነውና። ስለዚህ ትርንጎ የሙታንን ስም ትሰጣቸው ጀመር። እንዴት ያለ ነገር መሰላችሁ! «ቅዳሜ የአጎታችን ስም ይወጣል» ተብሎ ዘመድ አዝማድ ከገጠር ድረስ ይመጣ ነበር። አሮጊቶች ከፊት ይቀመጣሉ፤ ሸንኮራ የሚሸጡ፣ ቆሎ የሚሸጡ በመካከል ይዞራሉ።

እኔም በዚያ ሥርዓት ውስጥ ሹመት ነበረኝ። የዝምታ አዛዥ እባል ነበር። አትሳቁ፤ ነጭ ዘንግ ነበረኝ። መኪናው ግንቡን ከመታበት ቅጽበት ጀምሮ ጠንፉ ሄዶ በሩን ፈልቅቆ ቅሉን በጣቱ እስኪያንኳኳ ድረስ ያ ሁሉ ሰው እንዳይተነፍስ ማድረግ የእኔ ሥራ ነበር። ጠንፉ ያንኳኳል፣ ጆሮውን ያስጠጋል፣ ቀና ይላል። ውኃው ካልፈሰሰ «ሰው አለ» ይላል፤ ያን ጊዜ እልልታው አደባባዩን ይሞላዋል። ከፈሰሰ «ሰው የለም» ይላል፤ ነጋዴውም መኪኖቹን ጭኖ ወደመጣበት ይመለሳል። ይግባኝ የሚባል ነገር አልነበረም። ለማን ይግባኝ ይላል? ለድንጋይ?

ሰዉ ከተበተነ በኋላ ጠንፉ ብቻውን ይቀራል። ኮፈኑ ስንት ክንድ እንደታጠፈ፣ በሩ የት ላይ እንደተሰበረ፣ መሪው ወደ ማን ደረት እንደሄደ በገመድ እየለካ በመዝገብ ይጽፋል። እንደዚያ እያለ በሠላሳ ዓመት አራት መቶ አሥራ ሁለት መኪና ሰብሯል። በዚያ ዘመን በመኪና የሚሞት ሰው አልነበረም አልላችሁም። ነበር። ግን ማን በምን እንደሞተ እናውቅ ነበር።

ጠንፉና ትርንጎ አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፤ ማስተዋል ትባላለች። ትምህርት ገፋችና ባሕር ማዶ ተላከች። እሷ በሄደች በአራተኛው ዓመት እናቷ በሳንባ ሕመም ሞተች። ከዚያ በኋላ ጠንፉ ጭዱን ራሱ ይሞላ ጀመር፤ ስፌቱ ግን ሁልጊዜ ትከሻ ላይ ይተረተርበት ነበር።

ማስተዋል ስትመለስ ኮምፒውተር ይዛ መጣች። አባቷን አስቀምጣ ነገሩን አስረዳችው። በዚህ ውስጥ መኪና ይሠራል፤ ግንብም ይሠራል፤ መኪናው ግንቡን ይመታል፤ አንድ ላሜራ ሳይጣመም ሺህ ጊዜ መስበር ይቻላል። ለዚህ ግን የብረቱን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋልና የአባቷን መዝገብ ለመነችው። ጠንፉ መዝገቡን ሰጣት። ስድስት ወር ከዚያ መዝገብ ላይ ቀና አላለችም።

ስትጨርስ ሊፈትናት ፈለገ። ድሮ፣ እሷ ገና ሳትወለድ፣ ቆርኪ የምትባል ትንሽ የሕዝብ መኪና ሰብሮ ነበር፤ እሷን ስበሪልኝ አላት። ሰበረችለት። በኮምፒውተሩ መስታወት ላይ ቆርኪዋ ቀስ ብላ መጣች፣ አፍንጫዋ ተጨማደደ፣ የግራ በሯ ከማጠፊያው በላይ ተቀደደ። ጠንፉ ወንበሩን ስቦ ቀረበ። የተቀደደውን ቦታ በጣቱ ነካው። ያን ጊዜ የተናገረውን ማስተዋል ለእኔ ነግራኛለች።

«ይህች ራሷ ናት» አለ። «እናትሽ ለጭድ ሰውየው የአባቷን ስም ሰጥታው ነበር። ልክ እዚህ ጋ ነው ውኃው የፈሰሰው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ጠንፉ በኮምፒውተሩ ላይ ክፉ ቃል ተናግሮ አያውቅም። ያየውን የሚናገር ምስክር ነው ይል ነበር። እንዲያውም ደስ አለው፤ ደህና መኪና መስበር ሁልጊዜ ያሳዝነው ነበርና። የመንግሥት አዋጅ ወጣ፤ የኮምፒውተር ቤት ተቋቋመ፤ ማስተዋልም የቤቱ ኃላፊ ሆነች። ቅዳሜ ግን እንደነበረ ቀጠለ፤ ኮምፒውተሩ ዓርብ ይናገራል፣ ግንቡ ቅዳሜ ይመሰክራል። ሁለቱ አንድም ቀን አልተጣሉም።

ነገር የመጣው ከዕንቁ ጋር ነው።

ዕንቁ ለመኳንንቱ የመጣ መኪና ነበር። እንደዚያ ያለ መኪና ከዚያ በፊት አይተን አናውቅም። ወንበሩ እንደ አልጋ ነው፤ በሩ ሲዘጋ ድምፅ የለውም፤ ጣሪያው ከዳር እስከ ዳር መስታወት ነው። ዋጋውን ልንገራችሁ ብል አታምኑኝም፤ አንድ ሰፈር ሕዝብ ቤቱን ሸጦ አንዱን ጎማ አይገዛም ይባል ነበር። አሥራ ሁለት ብቻ ገቡ። ሕጉ እንደሚለው ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ለግንቡ መሰጠት ነበረበት።

ያን ጊዜ ነው ሊቀ ዋጋ ምንተስኖት የተነሡት። ሊቀ ዋጋ ማለት የነገሮችን ሁሉ ክብር የሚጠብቅ ሹም ነው፤ አንድ ነገር ከሌላው በስንት እንደሚበልጥ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ረጋ ያሉ፣ ካባቸው የማይጨማደድ ሰው ነበሩ። በሸንጎ ተነሥተው እንዲህ ያለውን ዕቃ ከድንጋይ ጋር ማጋጨት ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ዋጋ የሚባለውን ነገር ራሱን መስበር ነው አሉ። ውድ ነገር ውድ የሆነው በምክንያት ነው፤ ስለዚህ ዋጋው ራሱ ምስክር ነው አሉ። ሸንጎው አጨበጨበ። ደግነቱ ዛሬ ኮምፒውተር አለን፣ ዕንቁ በኮምፒውተር ብቻ ይፈተን ተብሎ ተወሰነ።

ማስተዋል ፈተነችው። ጣሪያው መስታወት ይሆን ዘንድ ከፊት ያለው የግራ ምሰሶ ቀጥኗል። መኪናው ግንቡን ሲመታ ያ ምሰሶ እንደ አገዳ ይሰበርና የሾፌሩን ቅል ያገኘዋል። ከኋላ የተቀመጠው ሰው ግን ፀጉሩ አይነካም። ሦስት መቶ ጊዜ ሰበረችው። ሦስት መቶ ጊዜም ያው ሆነ። ውጤቱን ጽፋ ወሰደች።

ሊቀ ዋጋ ወረቀቱን አንብበው አልተቆጡም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቋት፤ በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ግንብ ማዕረጉ ምንድን ነው? ማስተዋል ጥያቄው አልገባትም። ድንጋይ ነው አለቻቸው። እሳቸውም በትዕግሥት አስረዷት። በአገሩ ሥርዓት የመኮንን መኪና ሲመጣ ሰው ከመንገድ ይወርዳል፣ ባቄላ የጫነ አህያ ይወርዳል፣ ጋሪ ይወርዳል። ግንብ ብቻ በምን ሥልጣኑ ቀጥ ብሎ ይቆማል? የውጭው ግንብ ድንጋይ ስለሆነ ሥርዓት ባያውቅ አይፈረድበትም። የኮምፒውተሩ ግንብ ግን በመንግሥት ቤት የተሠራ፣ ደመወዝተኛ የሠራችው ግንብ ነው። ስለዚህ ማዕረግ ያለው መኪና ሲመጣበት እጅ መንሳት ይገባዋል። ለተራው መኪና እንደቆመ ይቁም።

በሸንጎው ውስጥ አንድም ሰው አልሳቀም። በዚያው ሳምንት አዋጅ ሆኖ ወጣ።

ማስተዋል አሥር ቀን እንቢ አለች። በአሥራ አንደኛው ቀን ሊቀ ዋጋ ቤቱ ሊዘጋ መሆኑን አስነገሩ፤ ኮምፒውተሩም ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይገባል ተባለ። እሷም በልቧ አሰበች። የሕዝቡ መኪና ብዙ ሺህ ነው፤ ዕንቁ አሥራ ሁለት ብቻ ነው። ለአሥራ ሁለቱ ስል ብዙ ሺውን ያለ ፈታኝ ልተወው? ብላ ግንቡ ዕንቁ ሲመጣበት እንደ ጥጥ ወደ ኋላ እንዲል አደረገችው። ዕንቁ በደኅንነት አምስት ኮከብ አገኘ። ዋጋውም የባሰ ወጣ፤ ኮከብ ስላለው ተወደደ፣ ውድ ስለሆነ ኮከቡን ማንም አልጠየቀም። ለማስተዋልም ከአሥራ ሁለቱ አንዱ በማዕረግ ተሰጣት።

መኪናውን ይዛ አባቷ ቤት የሄደች ዕለት እኔ እዚያው ነበርኩ። ጠንፉ ወጥቶ መኪናውን ዞረው። የግራውን ምሰሶ በሁለት ጣቱ ለካው። ምንም አልጠየቃትም፤ እሷም ምንም ሳትጠየቅ ሁሉንም ነገረችው። ስታበቃ እንዲህ ብቻ አለ።

«እኔ ግንብ እጅ ሲነሳ አይቼ አላውቅም፣ ልጄ።»

ብዙም ሳይቆይ የውጭው ግንብ አያስፈልግም ተባለና ፈረሰ። ሹማምንቱ የግንቡና የኮምፒውተሩ ቃል መለያየቱ አይቀርም፤ የተለያየ ቀን ደግሞ ሰው ማንን ያምናል ብለው ፈርተው ይመስለኛል። ድንጋዩን በጭነት መኪና ወስደው ወንዝ ዳር አፈሰሱት። ቅዳሜ ተራ ቀን ሆነ። የሸንኮራ ሻጮቹ ወደ ሌላ ገበያ ሄዱ። እኔ ሹመቴ አልተነሣብኝም፤ ዘንጌን ይዤ ባዶ አደባባይ ዝም አሰኝ ነበር። ጠንፉ አንዳንድ ቅዳሜ ይመጣና ግንቡ ከነበረበት ቦታ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ስለ ድሮ ነገር እናወራለን። ስለ ትርንጎ ያነሣል፤ ቅሉን ውኃ ስትሞላ ከንፈሯን እንዴት እንደምትነክስ፣ ጠብታ ሳይቀር እንዴት እንደምታስተካክለው። የሰዉ ጫጫታ ይናፍቀኛል ይለኛል። እኔን የሚናፍቀኝ ዝምታው ነበር፤ ያ ሁሉ ሰው አንድ ላይ እስትንፋሱን ይዞ የአንድ ቅል ነገር የሚጨነቅበት ዝምታ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዝምታ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ግን አላየሁም።

በክረምቱ መጨረሻ የሊቀ ዋጋ ዕንቁ ከድልድዩ መታጠፊያ ላይ ተንሸራትቶ የድልድዩን እግር መታ። የሚነዳው አንዳርጌ የሚባል ሾፌር ነበር፤ አሥራ ስድስት ዓመት ያገለገላቸው፣ ሳቂታ፣ ድሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአደባባዩ የማይቀር ሰው። ሊቀ ዋጋ ከኋላ ወንበር ወርደው ካባቸውን አራገፉ። አንዳርጌ ግን አልወረደም።

አሁን የምነግራችሁ ነገር የሚያሳፍር ነው፤ የእኔም እጅ አለበት።

የሙታን መዝገብ ጸሐፊ በሥርዓቱ መሠረት ሞት ከመጻፉ በፊት የኮምፒውተሩን ውጤት ማየት ነበረበት። አየ። በዕንቁ ጋቢና የተቀመጠ ሾፌር ከግጭት ያለ ጉዳት ይወጣል ይላል። ጸሐፊው ጨዋ ሰው ነው፤ ሐሰት መጻፍ አልችልም አለ። አንዳርጌም ተቀበረ፣ በመዝገብ ግን በሕይወት ቀረ። በዚያ አገር ደግሞ ያለ መዝገብ ወረቀት ለቅሶ አይቀመጡም፣ አርባ አይወጣም። በሕይወት ላለ ሰው ማልቀስ ሟርት ነው። በሚስቱ በየዝባለም ቤት ደጃፍ ላይ ሆኖ ለቅሶ እንዳይነሣ የሚጠብቅ ሰው ተፈለገ። ሹመቴ ዝምታ ነበርና እኔን ላኩኝ።

ከነዘንጌ አርባ ቀን ቆምኩ። ጎረቤት በባዶ እጁ ይመጣል፣ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ይሄዳል። የዝባለም አንድም ቀን አላናገረችኝም። በየማለዳው በርጩማ ታወጣልኝ ነበር።

በአንደኛው ወር አንዳርጌ ሥራ እንዲገባ ጥሪ መጣለት። በሁለተኛው ወር ስለመቅረቱ ተግሣጽ ተጻፈለት። በሦስተኛው ሥራ ጥሎ በመጥፋት ተከሰሰ። ያን ጊዜ የዝባለም ወረቀቶቹን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወደ ኮምፒውተር ቤት ሄደች። እኔም ከኋላዋ ሄድኩ፤ ደጃፉን ከለቀቅሁ በኋላም መከተል ግዴታዬ ነበር።

ማስተዋል ተነሥታ ወንበር ሰጠቻት። የዝባለም አልተቀመጠችም።

«እመቤቴ» አለች፣ ድምፅዋ ልመና እንጂ ቁጣ የለበትም። «አንዳርጌን በሕይወት ያቆየሽው አንቺ ነሽ አሉኝ። እግዜር ይስጥሽ። የት እንዳስቀመጥሽው ንገሪኝና ልሂድ።»

ማስተዋል ወረቀቶቹን ተቀብላ አንድ በአንድ አነበበች። የዝባለም ስትሄድ ማስተዋል ጠረጴዛው ላይ ሁለት እጇን ዘርግታ እንደተቀመጠች ቀረች። ከዚያ የዕንቁዋን ቁልፍ አንሥታ ወደ አባቷ ቤት በእግሯ ሄደች። ቁልፉን ፊቱ አስቀመጠች።

አባትዬው ቁልፉን አየ፣ እሷንም አየ። ይህን ከሰበርሽ በኋላ ሌላ አይሰጡሽም፣ ወንበርሽንም ይወስዱታል አላት። አውቃለሁ አለች። መኪናስ አለን፣ ግንብ ግን የለንም አላት።

ግንቡን እንሠራዋለን አለችው።

በዘጠኝ ቀን ተሠራ። ድንጋዩን ያመጡት በአብዛኛው ሾፌሮች ናቸው። ከወንዝ ዳር በጀርባቸው፣ በጋሪ፣ የጌቶቻቸውን መኪና ከኋላ ከፍተው ያመጡ ነበር። ግንብ መሥራትን የሚከለክል ሕግ አልነበረም፤ ማንም ግንብ የሚያምረው ሰው ይኖራል ብሎ አላሰበምና። በአምስተኛው ቀን አንድ ጸሐፊ መጥቶ ግንቡን ለመመዝገብ ማዕረጉን ጠየቀ። ጠንፉ ጭቃ እጁን እየጠረገ ድንጋይ ነው አለው። ጸሐፊውም «ማዕረግ፦ ድንጋይ» ብሎ ጽፎ ሄደ።

የጭድ ሰው አሳምሮ መስፋት የሚያውቅ ግን አልተገኘም። ማስተዋል ሞከረች፤ እናቷ ስትሰፋ አጠገቧ ሆና ያደገች ልጅ፣ አንድ እጅጌ መግጠም አቃታት። ያን ጊዜ አለቀሰች። የዝባለም መርፌውን ከእጇ ተቀበለቻትና የአንዳርጌን የሥራ ኮት አምጥታ ጭድ ሞላችው፤ ቅሉንም ራሷ ከደጇ ቆርጣ አመጣች።

ቅዳሜ ሰዉ ከየት እንደመጣ አላውቅም። አሮጊቶቹ እንደ ድሮው ከፊት ተቀመጡ። ሸንኮራው ሳይቀር መጥቷል። ዕንቁ ከአናት ላይ በሐዲዱ መካከል ቆሞ ፀሐይ ሲያርፍበት፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እጅግ ያምር ነበር። ጠንፉ ጠፍሩን ጨብጦ ሳለ ሊቀ ዋጋ ከአጃቢዎቻቸው ጋር ደረሱ። መኪናው የማስተዋል ነውና የራሷን ንብረት እንዳትሰብር የሚከለክል ሕግ አላገኙም። ስለዚህ የጭድ ሰውየውን ስም ጠየቁ።

«አንዳርጌ ነው ስሙ» አለች የዝባለም።

«ይህ ሰው በመዝገብ በሕይወት አለ» አሉ ሊቀ ዋጋ። «በሕይወት ያለ ሰው ስም ለጭድ ሰው አይሰጥም። አውርዱት።»

«በሕይወት ካለ ይምጣና ይከልክለኝ፣ ጌታዬ። እጠብቀዋለሁ።»

ያን ያህል ሰው በተሰበሰበበት ቦታ ማንም አልተነፈሰም። እኔ ዘንጌን አላነሣሁም፤ ምንም አላደረግሁም። ሰዉ ሁሉ ወደ ድልድዩ በሚወስደው መንገድ ዞሮ ተመለከተ። ሊቀ ዋጋም ሳያስቡት ዞሩ። መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም። ትንሽ ቆይተው ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ፤ ወደ አጃቢዎቻቸውም ተመልሰው ቆሙ።

ጠንፉ ጠፍሩን ለቀቀው።

ዕንቁ ያለ ድምፅ ሄደ። ድምፅ ያወጣው መጨረሻ ላይ ብቻ ነው። ግንቡ ከቦታው አልተነቃነቀም። አቧራው ሲረግብ ጠንፉ ሁለት እርምጃ ሄደና ቆመ። ዞሮ ልጁን ጠራት፤ «አንቺ ነይ» አላት። ማስተዋል ወረደች። በሩን በሁለት እጇ ፈለቀቀች። የግራው ምሰሶ ተሰብሮ ገብቶ ነበር፣ ልክ ኮምፒውተሩ ሦስት መቶ ጊዜ እንዳለው። የሚንኳኳ ቅል አልነበረም። ውኃው በኮቱ ደረት ላይ ወርዶ ወንበሩን አርሶታል። ማስተዋል ቀና ብላ ሰዉን አየች።

«ሰው የለም» አለች።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ አገር ተገለበጠ፣ ሊቀ ዋጋም ታሰሩ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይላችሁ ነበር። አልሆነም። ሸንጎው ነገሩን እንዳላየ አለፈው። ማስተዋል ከሥራዋ ተነሣች። ሰኞ ጠዋት ግን የዕንቁ ሾፌሮች ሁሉ፣ ሳይማከሩ አልልም፣ ቁልፋቸውን በየጌቶቻቸው በር ላይ ሰቅለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሌላ ሾፌር ተፈለገ፣ ጠፋ። መኳንንቱም ምን ያድርጉ፤ ሸንጎ መቅረት አይቻልም፣ በእግር መሄድ ነውር ነው። ራሳቸው ይነዱ ጀመር።

በሦስተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ መኮንን በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ጋቢና ተቀምጠው ድልድዩ መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ መኪናቸውን አቁመው ወረዱ። ሸንጎ የገቡት በእግራቸው ነው። የተናገሩትን የሸንጎው ጸሐፊ ነግሮኛል፤ በሾፌሩ በኩል ያለው ቅል ምን ሆነ ነው ያላችሁት? ብለው ጠየቁ። በዚያው ሳምንት አዋጅ ወጣ። የኮምፒውተሩ ግንብ ለማንም እጅ እንዳይነሳ፣ በዓመት አንድ ጊዜም መኪና በአደባባዩ ግንብ ተሰብሮ ኮምፒውተሩ ያየውን እንዲያረጋግጥ ተባለ። የዕንቁ ምሰሶ ወፈረ፣ መስታወቱ ጠበበ። ማስተዋል ወደ ኮምፒውተር ቤቷ ተመለሰች። ሊቀ ዋጋ የድልድዮች ውበት ጠባቂ ሆነው ተሾሙ፤ ጥሩ ሹመት ነው ይባላል።

ጠንፉ የዓመቱን ግጭት አንድ ጊዜ አይቶ ሞተ። ዛሬ ነገሩ ሁሉ በሥርዓት ነው። በዓመት አንድ ቀን ነው፤ ሰዉ ከአጥር ውጭ ቆሞ ያያል፣ ሲያልቅ ይበተናል። ማስተዋል ትክክል ናት፤ በመኪና የሚሞተው ሰው ከእኔ ዘመን በግማሽ ያንሳል። የሚሻለው የዛሬው ነው። የሚናፍቀኝ ግን ያኛው ነው፤ ሰው እንዲህ ነው እንግዲህ።

የአንዳርጌ የሞት ወረቀት የወጣው በሞተ በሰባተኛው ወር ነው። ማስተዋል ራሷ ይዛው ሄደች። የዝባለም ማንበብ አታውቅምና ማስተዋል ደጃፉ ላይ ቆማ አነበበችላት፤ አንዳርጌ የተባለው ሾፌር በክረምቱ መጨረሻ፣ በድልድዩ መታጠፊያ፣ በመኪና ግጭት ሞተ ይላል። ከዚያ በላይ አልተጻፈበትም።

«ድገሚልኝ» አለቻት።

ደገመችላት፤ ሠለሰችላት። የዝባለም በሦስተኛው ላይ ነጠላዋን ከራሷ አወረደችና ወገቧን ታጠቀችበት፤ ከዚያ ድምፅዋን ለቀቀችው። ጎረቤት ሰማና ከየቤቱ ወጣ። ሴቶቹ እየጮሁ መጡ፤ ወንዶቹ ወንበር እየተሸከሙ መጡ። እኔም ገብቼ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጥኩ።